የጡት ምርመራ በስንት ጊዜ? ሦስት እህትማማቾች፣ ሦስት መልስ

ሦስት እህትማማቾች ነን። ታላቃችን አዲስ አበባ ናት፤ 52 ዓመቷ ነው። መካከለኛዋ ለንደን ትኖራለች፤ 47 ሞላት። እኔ የሁሉም ታናሽ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው፤ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ጥቅምት በቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «ዛሬ ማሞግራም ተነስቼ መጣሁ» ብዬ ጻፍኩ። ማሞግራም የጡት ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት የሚነሳ የጡት ራጅ ነው። ክርክሩ የተነሳው ከዚያ ነው።

የለንደኗ ቀድማ መለሰች። «አምናም ተነስተሽ አልነበር እንዴ? እኔን እኮ እስካሁን የጠራኝ የለም። እዚህ ከ50 በኋላ ነው፤ እሱም በየሦስት ዓመቱ።» እትዬ ደግሞ ድምፅ ላከች። «እኔ ሳያመኝ ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ልበላቸው ነው?»

አንድ እናት ናት የወለደችን። ታዲያ እንዴት ነው አንዷ በየዓመቱ፣ አንዷ በየሦስት ዓመቱ፣ አንዷ ደግሞ ጭራሽ ሳትመረመር «ልክ ነው» የሚባለው? ሐኪሞቹ አልተስማሙም ማለት ነው? ወይስ ከሦስታችን አንዷ እየተበደለች ነው?

ይህን ጥያቄ ይዤ ብዙ ሳምንት ከረምኩ። ሐኪሜን ጠየቅኩ፣ ማታ ማታ አነበብኩ፣ ያልገባኝን ደግሜ ጠየቅኩ። ሐኪም አይደለሁም። የገባኝን ግን እንደ እህት ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ቅድመ ምርመራ የሚባለው ምንም ምልክት የሌላት፣ ደህና ነኝ የምትል ሴት የምታደርገው ምርመራ ነው። «በስንት ጊዜ?» የሚለው ጥያቄ እሷን ብቻ ነው የሚመለከተው። ጡትሽ ወይም ብብትሽ ውስጥ ጠጠር ያለ እብጠት ካገኘሽ፣ የጡትሽ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ከሆነ፣ የጡትሽ ጫፍ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ደም ካወጣ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ቀጠሮ አይጠበቅም። ባለፈው ወር ማሞግራምሽ «ነፃ ነሽ» ብሎሽ ቢሆን እንኳ በዚያው ሳምንት ሂጂ። ብዙ ሴቶች «ገና ስድስት ወር ይቀረኛል» ብለው እብጠት ይዘው ይጠብቃሉ። እባካችሁ አትጠብቁ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ቀላል ነገር ነው፦ ምርመራ ጥሩ ከሆነ፣ በበዛ ቁጥር ይሻላል። እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ታዲያ ለምን በየስድስት ወሩ አይሆንም? ለምን በየወሩ አይሆንም?

ነገሩ የገባኝ በዘበኛ ምሳሌ ነው። አንድ ሰፊ ግቢ አለ እንበል። ዘበኛው ማታ ማታ በየሁለት ሰዓቱ ግቢውን ይዞራል። ሦስት ዓይነት ሌባ አለ። አንዱ በጣም ቀርፋፋ ነው፤ ሲገባ፣ ሲፈልግ፣ ሲሸከም ሌሊቱ ሊነጋ ይደርሳል። እሱን ዘበኛው በየሁለት ሰዓቱም ዞረ በየሦስት ሰዓቱ ይይዘዋል። ሁለተኛው በጣም ፈጣን ነው፤ በአምስት ደቂቃ ገብቶ ይወጣል። እሱን በየሁለት ሰዓቱም ሆነ በየሰዓቱ መዞር ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ዙሩን ማፍጠን የሚጠቅመው ለሦስተኛው፣ ለመካከለኛው ሌባ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅበት ሌባ በየሁለት ሰዓቱ ዙር ሊያመልጥ ይችላል፤ በየሰዓቱ ዙር ግን ይያዛል።

የጡት ካንሰርም እንዲሁ አንድ ዓይነት አይደለም። በማሞግራም መታየት ከሚጀምርበት ጊዜ አንስቶ በእጅ እስከሚዳሰስበት ጊዜ ድረስ አንድ መስኮት አለ። ምርመራው የሚረዳው በዚያ መስኮት ውስጥ ከደረሰ ነው። መስኮቱ ለአንዳንዱ ካንሰር ዓመታት ነው፤ ለአንዳንዱ ወራት ብቻ ነው። የበሽታው ጠባይ ነው የሚወስነው። ለዚህ ነው በየዓመቱ የምትመረመር ሴት እንኳ በሁለት ምርመራዎች መካከል ካንሰር ሊወጣባት የሚችለው። ማንም አጥፍቶ ላይሆን ይችላል፤ ፈጣኑ ሌባ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ በሉልኝ። ከ«ምንም» ወደ «በየሁለት ዓመቱ» ስንሄድ የምናገኘው ጥቅም ትልቅ ነው፤ ቀርፋፋዎቹ በአብዛኛው ይያዛሉ። ከ«በየሁለት ዓመቱ» ወደ «በየዓመቱ» ስንሄድ የምንጨምረው የመካከለኛዎቹን ጥቂት ክፍል ነው። ጥቅም አለው፤ ግን የመጀመሪያውን ያህል አይደለም። የሐኪሞቹ ክርክር ያለው በዚህች ጥቂት ክፍል ላይ ነው።

ዕድሜም እዚህ ውስጥ ይገባል። በወጣትነት የሚመጣ የጡት ካንሰር በአብዛኛው ፈጠን ይላል፤ መስኮቱ ጠባብ ነው። በ2015 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ15 ሺህ በላይ የጡት ካንሰር የተገኘባቸውን ሴቶች አይቶ ነበር። ያላረጡት፣ ማለትም የወር አበባቸው ያልተቋረጠው፣ በየሁለት ዓመቱ ሲመረመሩ ካንሰሩ ትንሽ ገፍቶ የመገኘት ዕድሉ ጨምሮ ታይቷል። ካረጡ በኋላ ግን በየዓመቱም ሆነ በየሁለት ዓመቱ ልዩነት አልታየም። ለእኔ ከሁሉ የጠቀመኝ ቁም ነገር ይህ ነው። «በስንት ጊዜ?» የሚለው መልስ በአንድ ሴት ዕድሜ ውስጥ እንኳ ሊቀያየር ይችላል።

ታዲያ በየዓመቱ ብንነሳ ምን ይጎዳል?

ስለ ጨረሩ የሚፈሩ አሉ። የአንድ ማሞግራም ጨረር ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ በሰባት ሳምንት ውስጥ ከምንቀበለው ጋር የሚቀራረብ ነው። ዋናው ጉዳት እሱ አይደለም። ሕመሙም አይደለም፤ ሲጫን ያማል፣ ግን ያልፋል። (የወር አበባሽ ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት ብትነሺ ሕመሙ ይቀንሳል። ዕለቱን ደግሞ ዲዮዶራንት አትቀቢ፤ በምስሉ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል።)

ዋናው ጉዳት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የውሸት ማስጠንቀቂያ ነው። በ41 ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነስቼ በሦስተኛው ቀን ስልክ ተደወለልኝ። «ተጨማሪ ምስል እንፈልጋለን» አለችኝ ልጅቷ፣ በጣም በትሕትና። ቀጠሮ ያገኘሁት ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ለባሌ አልነገርኩም። ለእህቶቼም አልነገርኩም። ማታ ማታ ልጆቼን አስተኝቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። በአልትራሳውንድ ሲታይ ውሃ የቋጠረች ትንሽ ከረጢት ሆና ተገኘች። ምንም አልነበረም። እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ግን ከሕይወቴ ተቆርጠው ነው የሄዱት።

ያኔ ለብቻዬ የደረሰብኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በአሜሪካ በባለ 3ዲ ማሞግራም በየዓመቱ ከሚነሱ 100 ሴቶች 50 ያህሉ በ10 ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ባዶ ድንጋጤ ይደርስባቸዋል። በየሁለት ዓመቱ የሚነሱት ደግሞ 36 ያህሉ። ጥቂቶቹ ባዮፕሲ ድረስ ይሄዳሉ፤ በመርፌ ሥጋ ይወሰድላቸዋል። ስለዚህ ተመልሰሽ ብትጠሪ፣ እባክሽ ይህን አስቢ፦ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ግን ሳትቀሪ ሂጂ።

ሁለተኛው ጉዳት ለመረዳት ይከብዳል። አንዳንድ ካንሰር በጣም ቀርፋፋ ከመሆኑ የተነሳ ሴቲቱን ዕድሜ ልኳን ሳይነካት ይኖር ነበር። ማሞግራሙ ስላገኘው ግን ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር፣ መድኃኒት ይከተላል። ትርፍ ግኝት ልበለው። ሐኪሙ የትኛው እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ይተወው ነበር። አያውቅም። ማንም አያውቅም። በ2012 እንግሊዝ ውስጥ በማይክል ማርሞት የተመራ ገለልተኛ የባለሙያዎች ቡድን የነበሩትን ጥናቶች ሁሉ መርምሮ ነበር። ከ50 ዓመታቸው ጀምሮ ለ20 ዓመት የሚጠሩ 10,000 ሴቶች ቢኖሩ፣ 43ቱ በጡት ካንሰር ከመሞት ይድናሉ አለ። 129ኙ ደግሞ ባይመረመሩ ኖሮ ፈጽሞ የማያውቁት ካንሰር ይገኝባቸዋል። ይህን ሳነብ ደንግጬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሁለቱም ቁጥር እውነት ነው። 43ቱ እናቶች ናቸው፤ 129ኙም እናቶች ናቸው።

እኔ በግሌ ይህን አውቄ እንኳ መመርመሩን መርጫለሁ። ግን «ምርመራ ጉዳት የለውም» የሚሉ ፖስተሮች ለሴቶች ሙሉውን እውነት ይንገሩ እላለሁ። እውነቱን ብንሰማ አንሸሽም።

አገሮች ለምን ይለያያሉ?

አሜሪካ ራሷ አንድ መልስ የላትም። መንግሥት የሚያቋቁመው የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል አለ፤ ገለልተኛ ባለሙያዎች ናቸው። በ2002 ከ40 ዓመት ጀምሮ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ አሉ። በ2009 ቀየሩት፦ ከ50 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ፤ በ40ዎቹ ያለች ሴት ግን ከሐኪሟ ጋር ተመካክራ ትወስን። ያኔ ትልቅ ጩኸት ተነሳ። በ2016 በዚያው ጸኑ። በሚያዝያ 2024 ደግሞ ተመልሰው ከ40 እስከ 74 በየሁለት ዓመቱ አሉ። ከ50 ይልቅ ከ40 መጀመር ከ1,000 ሴቶች ውስጥ አንድ ተጨማሪ ሴት ከሞት እንደሚያድን ገምተዋል፤ በትክክል 1.3። ትንሽ ይመስላል። በመቶ ሺህዎች ሲባዛ ግን ስንት ቤት ነው?

የአሜሪካ ካንሰር ሶሳይቲ ሌላ መንገድ ይዟል። ከ40 እስከ 44 የምትፈልግ ትጀምር፣ ከ45 እስከ 54 በየዓመቱ፣ ከ55 በኋላ በየሁለት ዓመቱ፤ የፈለገች ግን በየዓመቱ ትቀጥል ይላል። ቅድም ስለ ማረጥ ያልኩትን ካስታወሳችሁ፣ ይህ ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። የራዲዮሎጂ ሐኪሞቹ ማኅበር ደግሞ ከ40 ጀምሮ በየዓመቱ ይላል። እነሱ ያለፋቸውን ካንሰር በዓይናቸው የሚያዩ ሰዎች ናቸው፤ አንዲትም እንድታመልጥ አይፈልጉም። ግብረ ኃይሉ ደግሞ የሚያየው በከንቱ የደነገጡትንም ጨምሮ ነው። ያላቸው ጥናት ያው ነው። የሚለያዩት ለየትኛው ጉዳት የበለጠ ክብደት እንደሚሰጡ ነው።

እንግሊዝ ምርመራውን የጀመረችው በ1988 ነው። ከ50 ዓመት እስከ 71ኛ ልደት ድረስ በየሦስት ዓመቱ ደብዳቤ ይላካል። የመጀመሪያው ደብዳቤ 50 በሞላሽ ቀን አይመጣም፤ እስከ 53 ዓመትሽ ባለው ጊዜ ነው የሚደርስሽ። አብዛኛውን ምስል ሁለት ሰዎች ለየብቻ ያነቡታል። ከ100 ሴቶች ተመልሰው የሚጠሩት 4 ያህል ናቸው፤ በአሜሪካ ከዚህ ከእጥፍ በላይ ነው። የመንግሥት ገንዘብ ስለሆነ ወጪውም ይታሰባል። ስዊድን ከ40 እስከ 74 ትጠራለች፤ በየ18 እስከ 24 ወሩ። እንግሊዞቹ በ40ዎቹ ስላሉ ሴቶችም ትልቅ ጥናት አድርገዋል። 160 ሺህ ያህል ሴቶች የገቡበት ነው። ከ40 ዓመት አካባቢ ጀምረው በየዓመቱ የተጠሩት፣ በመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሩብ ቀንሷል። በቁጥር ሲታይ ግን አንዲት ሴት ለማዳን ከ1,000 በላይ ሴቶች ለዓመታት መመርመር አለባቸው። ለዚህ ነው እህቴን በ47ዋ ያልጠሯት። ረስተዋት አይደለም።

«ጥቁር ሴቶች» ሲባል እኛ አለንበት?

በአሜሪካው ግብረ ኃይል የ2024ቱ ለውጥ ውስጥ አንድ ትልቅ ምክንያት ነበር። በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ከነጮች ይልቅ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ይበልጣል። ከፊሉ የሕክምና መዘግየትና አድልዎ ነው። ከፊሉ ደግሞ ሦስት እጥፍ ኔጌቲቭ የሚባለው ኃይለኛ ዓይነት በእነሱ ላይ ስለሚበዛ ነው።

እኛ ሐኪም ቤት ፎርም ስንሞላ «ጥቁር» የሚለው ላይ ምልክት እናደርጋለን። ታዲያ ይህ ቁጥር የእኛም ነው? ሙሉ በሙሉ አይደለም። አሜሪካ የሚኖሩ አፍሪካውያን ሴቶችን ለይተው ያዩ ተመራማሪዎች፣ ኃይለኛው ዓይነት ከምዕራብ አፍሪካ በመጡት ላይ ሲበዛ ከምሥራቅ አፍሪካ በመጡት ላይ ግን ወደ ነጮቹ የቀረበ ሆኖ አግኝተውታል። የኢትዮጵያና የጋና ሴቶችን ያነጻጸሩ ጥናቶችም ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። «ጥቁር» የሚለው ሳጥን በጣም ሰፊ ነው።

ይህ ግን መዘናጊያ አይሁነን። የሕክምና መዘግየቱ፣ የኢንሹራንሱ ጣጣ፣ የቋንቋው ችግር እኛንም ያገኘናል። እንግሊዝኛ ሳይገባሽ «የስ፣ የስ» እያልሽ ከሐኪም ቤት የወጣሽበት ቀን ካለ፣ የምለው ይገባሻል። አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለሽ፤ ልጅሽን አታስተርጉሚ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገርም አለ። «በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር የሚይዘው ወጣቶችን ነው» ይባላል። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ 1,070 ታማሚዎችን በተከታተለ ጥናት ግማሾቹ ከ43 ዓመት በታች ነበሩ። አሜሪካ ውስጥ ግማሾቹ ከ62 በላይ ናቸው። ግን አገሩን አስቡት። ሕዝባችን ወጣት ነው፤ 60 ዓመት ያለፋት ሴት ከሕዝቡ ጥቂት ናት። ብዙ ወጣት ባለበት አገር ታማሚውም ወጣት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ያ ቁጥር ብቻውን የ30 ዓመቷ ኢትዮጵያዊት ከ30 ዓመቷ አሜሪካዊት የበለጠ ትጋለጣለች አይልም። አደጋው በሁሉም አገር ከዕድሜ ጋር እየጨመረ ነው የሚሄደው። «እኔማ አርጅቻለሁ፣ አልፎኛል» የምትሉ እናቶች፣ አላለፋችሁም።

የጡት ጥግግትም አለ። ጥቅጥቅ ያለ ጡት በማሞግራም ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካንሰርም ነጭ ነው። በበረዶ ላይ ነጭ ድመት እንደመፈለግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ካሉ ሴቶች ግማሽ ያህሉ ጡታቸው እንዲህ ነው። ከመስከረም 2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የማሞግራም ጣቢያ ይህን በደብዳቤ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ደብዳቤው ሲደርስሽ አትደንግጪ፤ በሽታ አይደለም። ግን ጥለሽውም አትለፊ። ሐኪምሽን «አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ያስፈልገኛል?» ብለሽ ጠይቂ። ለሁሉም እንዲደረግ የሚያስችል በቂ ማስረጃ እንደሌለ ግብረ ኃይሉ ተናግሯል፤ ሌላ አደጋ ላለባት ግን ሊመዝን ይችላል።

ያልተጠራው የበሽታው ስም

እስካሁን ያወራሁት ስለ መካከለኛ አደጋ ነው። ከፍ ያለ አደጋ ላለባት ሴት ሒሳቡ ሁሉ ይቀየራል። ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉ ዘረ መሎች አሉ። በእነሱ ላይ ለውጥ ይዛ የተወለደች ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ የጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከ100 ወደ 70 ይጠጋል። ለእሷ በየዓመቱ ኤምአርአይ ከ25 እስከ 30 ባለው ዕድሜ ይጀመራል፤ ማሞግራሙ ከ30 ጀምሮ ይታከላል። በልጅነቷ ወይም በወጣትነቷ ደረቷ ላይ የጨረር ሕክምና የወሰደችም እንዲሁ ቀደም ብላ ትጀምራለች።

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ግን የቤተሰብ ታሪክ ሲነገር ነው። እኛ ጋ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሐኪሜ «በቤተሰብ የጡት ካንሰር አለ?» ስትለኝ ለሦስት ዓመት «የለም» እያልኩ መለስኩ። ከቴሌግራሙ ክርክር በኋላ ነው እትዬን ደውዬ የጠየቅኳት። የአባታችን እህት ገና ወጣት ሳለች ነው የሞተችው። እኛ ልጆች ሆነን የሰማነው «ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ» የሚለውን ብቻ ነበር። እትዬ ዝም አለች። ከዚያ «ጡቷን ነበር እኮ» አለችኝ። «በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ነበር። እናታችን ነች የነገረችኝ፤ ለማንም እንዳትናገሪ ብላ።»

«ባደረባት ሕመም» የሚለው ቃል ስንት ቤት ውስጥ ስንት ነገር ሸፍኗል! አክስቴ አፍራ ነው የሸፈነችው፤ አልፈርድባትም። እኔ ግን ለሐኪሜ ሦስት ዓመት ሙሉ የተሳሳተ መልስ ስሰጥ ኖርኩ። ስትጠይቁ የአባትን ወገን አትርሱ። ዘረ መሉ በአባትም ይተላለፋል። ከ50 ዓመት በታች የታመመች፣ የማኅፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር የነበራት፣ ወይም ጡቱን የታመመ ወንድ ካለ ለሐኪም ይነገር። ሐኪሜ ይህን ጨምራ የአደጋ መጠኔን እንደገና በኮምፒውተር አሰላችው። ከፍ አለ፤ ግን ኤምአርአይ የሚጀመርበት የ20 በመቶ የዕድሜ ልክ አደጋ ላይ አልደረሰም።

እትዬስ?

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። «እሷ ለምን ማሞግራም አትነሳም?» ብለን የምንከፍልላት እኛ ልንሆን እንችላለን። ግን የዓለም ጤና ድርጅት አቅማቸው ውስን ለሆኑ አገሮች የሚመክረው በማሞግራም እንዲጀምሩ አይደለም። ምክንያቱ ንቀት አይደለም። ማሽኑ ብቻውን ማንንም አያድንም። ያየውን የሚያነብ ሐኪም፣ ናሙናውን የሚመረምር ላቦራቶሪ፣ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ጨረር በሰዓቱ ካልተከተሉ ሴትየዋ የምታገኘው ቀድማ መጨነቅ ብቻ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ እንደነበር አንርሳ።

ስለዚህ ድርጅቱ በ2021 ያወጣው ዕቅድ ሌላ ነገር ያስቀድማል። ካንሰር ከሚገኝባቸው ሴቶች ቢያንስ 60 በመቶው ገና በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ እንዲገኙ፣ ሐኪም ካዩ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራው እንዲያልቅ፣ 80 በመቶው ሕክምናውን እንዲጨርሱ። እብጠቱን ይዛ ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመት የምትቆይ ሴት ባለችበት አገር ትልቁ ትርፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጠበል ሄዳ የምትጠመቅም ትጠመቅ፤ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ከጠበሉ ጎን ለጎን በዚያው ሳምንት ሐኪም ትይ።

ምልክት ለሌላት እንደ እትዬ ላለች ሴትስ? የሠለጠነ የጤና ባለሙያ በእጅ የሚያደርገው ምርመራ አለ። ሙምባይ ውስጥ ከ150 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ20 ዓመት የተከታተለ ጥናት አለ። በየሁለት ዓመቱ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች በእጃቸው ሲመረምሯቸው ካንሰሩ ሳይገፋ የመገኘት ዕድሉ ጨመረ። ከ50 ዓመት በላይ ባሉት ላይ ሞቱ በ30 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከ50 በታች ባሉት ግን የሞት ቅነሳ አልታየም። እትዬ 52 ናት። ማሽን የለም፣ ጨረር የለም፤ የሠለጠነ እጅ ብቻ።

«ራሴን በየወሩ ብዳስስስ?» ብላኛለች። ሻንጋይ ውስጥ 266 ሺህ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞች ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ ራሳቸውን መዳሰስ ተማሩ። ሞት አልቀነሰም፤ ጉዳት የሌለው እብጠት ላይ የተደረገ ባዮፕሲ ግን በዛ። ስለዚህ በየወሩ እንደ ግዴታ መዳሰስ አያስፈልግም። ጡትሽ እንዴት እንደሆነ ማወቅ፣ ስትታጠቢ ሲለወጥ ማስተዋል ግን ያስፈልጋል። ለውጥ ካየሽ መሄድ ደግሞ ግድ ነው።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ፣ ስለ ገንዘቡ። አብዛኛው ኢንሹራንስ ከ40 ጀምሮ የቅድመ ምርመራውን ማሞግራም በየዓመቱም ቢሆን ያለ ክፍያ ይሸፍናል። ተመልሰሽ ስትጠሪ የሚደረገው ግን ለብዙ ዓመታት ከኪስ ሲያስከፍል ነው የኖረው፤ ደንቡ እየተሻሻለ ነው፣ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ኢንሹራንስ ለሌላት ዝቅተኛ ገቢ ላላት ሴት በየስቴቱ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራ ነፃ የጡትና የማኅፀን በር ምርመራ ፕሮግራም አለ። የአካባቢሽን ጤና ቢሮ ጠይቂ። ከ75 ዓመት በላይ ላሉ እናቶች ግብረ ኃይሉ አድርጉም አታድርጉም አላለም። በጤናዋ ጠንካራ የሆነች፣ ገና ብዙ ዓመት የምትኖር እናት ብትቀጥል ያስኬዳል። በሌላ ከባድ ሕመም የተያዘችን ግን በዚህ ባናደክማት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ገና አላረጥኩም። ጡቴ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአክስቴን ነገር አሁን አውቄዋለሁ። በየዓመቱ እንድነሳ ከሐኪሜ ጋር ወሰንን፤ ሳርጥ እንደገና ልናየው። እንደገና ተመልሰሽ ነይ ቢሉኝ፣ በዚህ ጊዜ ለባሌ እነግረዋለሁ። የለንደኗ ለቤተሰብ ሐኪሟ ነገረች፤ አክስቷ በመዝገቧ ገባች፤ ለአንድ አክስት ብቻ ግን ቀድመው አይጠሯትም፣ ደብዳቤዋን ትጠብቃለች። እትዬ ሐሙስ ዕለት በሰፈሯ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ብብቷን ሳይቀር በደንብ መረመረቻት። ምንም የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሺ አለቻት።

ማታ እትዬ በግሩፑ ላይ ጻፈች። ከእኛ በታች ያሉት ሴት ልጆቻችንም ያሉበት ግሩፕ ነው። «የአባታችን እህት የሞተችው በጡት ካንሰር ነው። ሐኪም ሲጠይቃችሁ እንዲህ ብላችሁ ተናገሩ።» መልእክቱን ከላይ ሰካሁት።